ሃምሳ እስኪመጣ

«በመቶ አሥር ከሃምሳ ይሽጡ አልኩ እኮ!»

«ሃምሳ የሚባል የለም፣ አቶ ዊትኮምብ።»

«እንዴት የለም? እስከ መቶ የቆጠረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል!»

ይህ ታላቅ ክርክር የተካሄደው ቺካጎ ውስጥ፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነዶችን የወደፊት ውል በሚሸጥና በሚገዛ አንድ የተከበረ ድርጅት ነው። ወይዘሮ ኢርማ ኖዋክ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል፤ ለጡረታቸው አራት ወር ቀርቷቸዋል። በዚያ ገበያ አንድ ሙሉ ነጥብ የሚከፋፈለው ለመቶ ሳይሆን ለሠላሳ ሁለት ነው። ዋጋው ሲጻፍ ከሰረዙ በኋላ አሥራ ስድስት ካለ፣ ግማሽ ማለት ነው፤ ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ አዲስ ሙሉ ቁጥር ይገባል። ይህን የሕንፃው ጥበቃ እንኳ ያውቃል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዊትኮምብ ግን በሁለት ዲግሪ ስለተከለሉ፣ ነገሩ ሊደርስባቸው አልቻለም።

ዋጋው 110-16 ደረሰ።

«ግማሹ ይኸው መጣልዎ። ልሽጥ?»

«በአሥራ ስድስት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም? ካለ ትእዛዜ ቢሸጡ ጡረታዎን ይርሱት!»

ኢርማ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሃያ ሆነ፤ ሃያ ስምንት ሆነ። ሠላሳ አንድ ላይ አቶ ዊትኮምብ መዳፋቸውን አፋተጉ፦ «አሥራ ዘጠኝ ብቻ ቀረን!»

111-00።

«ሃምሳው የታለ?»

«ከፈለጉት በላይ ሆነ እኮ፣ ጌታው። አሁንስ ልሽጥ?»

«መመሪያ መመሪያ ነው! ሲመለስ በሃምሳ በኩል ማለፉ አይቀርም፤ ያኔ እንይዘዋለን።»

እውነትም ተመለሰ። ቁልቁል ወርዶ ወርዶ 109-16 ላይ አረፈ፤ ሊሸጥ የነበረው ሦስት መቶ ውል፣ የአንዱ ውል ሙሉ ነጥብም ሺህ ዶላር ነበርና፣ ከዚያ ከተናቀው ግማሽ ጋር ሲተያይ ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ይዞ ወረደ። ሃምሳን ግን በመንገዱ አላገኘውም።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ሳንድዊቹን ሳይጨርስ እውነቱን ደረሰበት፦ «ሃምሳ በወይዘሮ ኢርማ ቸልተኝነት ሳይታይ አልፏል፤ ከሥራ ይሰናበቱ።» የድርጅቱ ባለቤት አቶ ሃልቨርሰን ከጎልፍ ሜዳ ተጠርተው መጡ፤ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና በጥልቀት አሰቡ።

«ስንብት ምን ቅጣት ነው? ዕረፍት ነው እንጂ! ያሳለፈችው ራሷ ትጠብቀው! ስሚ ኢርማ፣ ሃምሳው እስኪመጣ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ የለም። ደመወዝሽም አይቋረጥም፣ ሰበብ እንዳታገኚ። ገባሽ?»

ኢርማ መነጽራቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ። እንግዲያው ወንበሩን በሚመች ይቀይሩልኝ።»