የተሰበሩ ባቡሮች ባለሟል

በየቤተሰቡ፣ ሰው ሁሉ እየተራበ “ቆይ፣ አንዴ ፎቶ!” የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ላይ የወረደው መዓት ግን የተለየ ነው። የእህቴ ባል፣ ክቡር አማቻችን፣ ሰው አያነሱም። የሚያነሱት የተሰበረ ባቡር ብቻ ነው።

“ደህናውን ባቡር ማንም ያነሳዋል” ይላሉ ክቡርነታቸው። በሥራ ቀን መነጽር ቤት ቁጭ ብለው የሰው ዓይን ይለካሉ። እሑድ ሲሆን ካሜራቸውን አንግተው ወደ አሮጌው የባቡር ጋራዥ ይወርዳሉ። ፉርጎ ሥር በጀርባቸው ይንጋለላሉ፤ አንድ የተሰበረ የፊት መብራት ፊት ግማሽ ቀን ይንበረከካሉ። አንዴ የጋራዡ ጥበቃ ደግ የሠራ መስሎት መብራቱን በጨርቅ ወለወለላቸው። “ምን አደረግህ! የሃያ ዓመት አቧራ እኮ ነው!” ብለው አንድ ወር ሙሉ አኮረፉት።

ልጃቸው የተመረቀች ዕለት፣ መንገድ ላይ ከአጥር ጀርባ የተገለበጠ ፉርጎ ታያቸው። “አምስት ደቂቃ!” ብለው ከመኪናው ወረዱ። አዳራሹ ስንደርስ ወንበር እየተሰበሰበ ነበር። እህቴ ያን ቀን የተናገረችውን ይህ ጋዜጣ አይችለውም።

ሳሎናቸው ውስጥ የሠርጋቸው ፎቶ ቦታውን ከለቀቀ ቆይቷል። እናቴ በምትኩ የተሰቀለውን ትኩር ብላ አይታ፣ “ይሄ ባሕር የት አገር ነው?” አለች። የዛገ ፉርጎ ጎን ነበር። ሳቅኩባት። እሷ ስትወጣ ግን እኔው ፊቱ ተገትሬ ቀረሁ። ማዕበሉ ይንቀሳቀስ ነበር። ዝገት ላይ ይህን የሚያይ ምን ዓይነት ዓይን ነው? ልቤ ቢደነቅም ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም፤ ሌላም ግድግዳ ያስለቅቁናል ብዬ።

ከሁሉ በላይ የሚመኟት አንዲት አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነበረች። በዓመት ለጥቂት ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በተሰነጠቀው መስታወቷ በኩል ጋቢናው ውስጥ ትገባለች፤ የስንጥቁ ጥላም የሾፌሩ ወንበር ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ለአሥር ደቂቃ ብቻ። ካቻምና ታመው ተኙ፤ አምና ደመና ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ብርሃኑ መግባት በሚጀምርበት ቀን ማግስት ሎኮሞቲቯ ተቆራርጣ እንድትቀልጥ ተወሰነ። ያን ቀን ካላነሷት መቼም አያነሷትም።

የካሜራውን መቆሚያ አሸክመውኝ ሄድን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሁሉን አስተካክለው ጣታቸውን ካሜራው ላይ አድርገው ሲጠብቁ፣ ጥበቃው አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ዕድሜ ልካቸውን እሷን የነዱ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው።

“ልጄ፣ ነገ ሊቆርጧት ነው አሉኝ። አንዴ ልቀመጥባት?”

“ይውጡና ይቀመጡ፣ አባባ” አሉ አማቻችን።

ሽማግሌው ወጥተው ተቀመጡ። ብርሃኑ የመጣው ያኔ ነው። ድሩ ፊታቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ፣ ሽበታቸው ላይ ተዘረጋ። ግራ እጃቸው ተነሥቶ የፍሬኑ እጀታ ወደነበረበት ሄደ። እጀታው ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ልክ ቦታው ላይ ተጨበጡ፣ ባዶውን አየር ቀስ አድርገው ሳቡት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

“ያንሱት እንጂ!” አልኩ በሹክሹክታ።

ክቡርነታቸው ጣታቸውን አነሡ። የሌንሱን ክዳን ከኪሳቸው አውጥተው ከደኑት። ብርሃኑ ከድሩ ጋር ወንበሩን ለቆ ሄደ። ሽማግሌው ወርደው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና “ደርሰናል” አሉን።

መንገድ ላይ መታገሥ አቃተኝ። “ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሦስት ዓመት ጠብቀው!”

“እኔ የማነሳው የተሰበረ ባቡር ነው” አሉኝ ሳይዞሩ። “አንተ እዚያ የተሰበረ ባቡር አየህ?”

አላየሁም። በእሳቸው አማችነት እንደምኮራ የነገርኳቸው ያኔ ነው፤ እሳቸው ግን አጥር ሥር የወደቀ የባቡር በር አይተው ቆመው ነበርና የሰሙኝ አይመስለኝም።