ሊቀ ትከሻ ያብስራና ተቀባዮቹ

በዚህች ከተማ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ጭፈራ የሚያርም ሰው አይጠፋም። ወጡ ሊያንስ፣ ሙሽራው ሊያረፍድ፣ መብራቱም ድርግም ሊል ይችላል፤ አራሚው ግን ሳይጠራም ቢሆን በሰዓቱ ይገኛል። አንድ ጥግ ይዞ፣ ስልኩን ደግኖ፣ የአዳም ዘር ትከሻውን እስኪያነሣ ይጠብቃል።

የኛው የካዛንቺሱ አራሚ ያብስራ ይባላል። በማዕረግ ስንጠራው "ሊቀ ትከሻ" ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ ዩኒቨርሲቲው ገና አልሰጠውም። ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው በባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ነው። ታዲያ ወረቀት ጽፎ መገላገል የለም፤ ማሲንቆውን ይዞ መድረክ መውጣት፣ በፈታኞች ፊት ተጫውቶና ተወዛውዞ ማለፍ አለበት። እሱ ግን "ገና ከምንጩ አልጠጣሁም" እያለ ፈተናውን ሁለቴ አስተላለፈ። በመጨረሻ ቁርጡ ተነገረው፤ ዘንድሮ ካልቀረበ ስሙ ይሰረዛል።

ምንጩ ማን ሆነና? እኛ!

እትዬ ሙሉመቤት ልጃቸውን ሐሴትን የዳሩ ዕለት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ መሃል ገቡ። ትከሻቸውን ገና አንዴ ሰበቅ ሲያደርጉት ያብስራ ከጥጉ ብድግ አለ።

"እትዬ፣ አንዴ ይቅርታ! ማለቴ፣ ትከሻዎ ጎጃም ነው፤ አንገትዎ ግን ወሎ ገብቷል።"

ከበሮው ቀጥ አለ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ልጄን ዳርኩ እንጂ አገር ላገር ልዞር ወጣሁ?"

"አይ፣ ለጥናቱ ያህል ነው እትዬ..."

"እንግዲያው እግዜር ያጥናህ! ዞር በል ከፊቴ!"

በታክሲም ያው ነው። ከመስቀል ፍላወር ወደ ባምቢስ ስንሄድ ሹፌሩ አንድ የሠርግ ዘፈን ከፍ አድርጎ ለቀቀ። ሊቀ ትከሻ ከኋላ ወንበር አንገቱን አሰገገ። "ሹፌር፣ ይሄ እኮ ከበሮ አይደለም፤ ኪቦርድ ነው።" ወያላው ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። "ብራዘር፣ ከበሮ ከፈለግክ እስጢፋኖስ ጋ እንጥልሃለን።"

የጋሽ ሱሌማን ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጋሽ ሱሌማን ባምቢስ አካባቢ የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ደስ ብሏቸው ጉራጌኛ ሲረግጡ መሬት ትጨነቃለች። ያብስራ እሳቸውን ቀርጾ ቀርጾ አንድ ነገር አገኘ፦ ቀኝ እግራቸው ከግራው ዘግየት ብሎ ነው የሚያርፈው። ይህችን "ብርቅ ስልት" መስታወት ፊት ቆሞ ወር ሙሉ ተለማመዳት፤ ለክፍል ጓደኞቹም አስተማራት። ኋላ ሊያመሰግን ሱቃቸው ድረስ ሄደ።

"ጋሽ ሱሌማን፣ ይህን አረጋገጥ ከማን ወረሱት? ከአባትዎ ነው?"

ጋሽ ሱሌማን ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት። "አባቴማ ጤነኛ ነበር። ይሄ ሪህ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ያ ሁሉ ተማሪ ማነከሱን ለመተው ስንት እንደተቸገረ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣና እኛም ተበተንን። የጋሽ ሱሌማን ሱቅ ቢተርፍም እሳቸው ወደ አንዱ የከተማ ዳር፣ እትዬ ሙሉመቤት ወደ ሌላው፣ እኔም ወደማላውቀው ፎቅ ሄድን። በልጅነታችን በተማርንበት መጽሐፍ ጎረቤት ማለት በአጥር ላይ እሳት የሚቀባበል ሰው ነበር። ዛሬ ጎረቤት ማለት በስልክ የሚገኝ፣ ያውም ኔትወርክ ከፈቀደ፣ ማለት ነው።

በፈተናው ዋዜማ ያብስራ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ ተቀባዮቼ ቀሩብኝ። ሠርግ አግኝተው ሄዱ።"

ማሲንቆ የያዘ ሰው ግጥም ሲጥል የሚቀበለውና የሚያጨበጭብለት ከሌለ፣ ከግድግዳ ጋር እንደሚያወራ ነው። ፈታኞቹም ያለ ተቀባይ አያዩትም።

"ሌላ ቡድን ፈልጋ!"

"በሠርግ ወር? በቃ ጋሼ፣ ተሰረዝኩ።"

እኔም ስልኬን ይዤ ለተበተነው ጎረቤት መደወል ጀመርኩ። እትዬ ሙሉመቤት "ያ ልጅ? ሠርጌን ያቆመው?" ብለው አጉረመረሙና "ምን ልልበስ ታዲያ?" አሉኝ። ጋሽ ሱሌማን ነገሩን ሳልጨርስ ነው እሺ ያሉት። ሐሴት ባሏንም ጭምር ይዛ መጣች።

በአዳራሹ በር ላይ እትዬ ሙሉመቤት ሕግ አወጡ።

"አንዲት እርማት ከአፍህ ብትወጣ ጥለንህ እንሄዳለን። ማል!"

"እናቴ ትሙት!"

ማሲንቆውን መታ፤ ግጥም ጣለ፤ ተቀበልን። ወይ መቀበል! እትዬ ሙሉመቤት ቀደሙ፤ ሐሴት ዘገየች፤ ጋሽ ሱሌማን ዝግ ያለውን ዜማ በጉራጌኛ ጭብጨባ አጣደፉት። እኔ ከማን ጋር እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያብስራ ዘወር አለ። አፉ ተከፈተ። ዋናው ፈታኝ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ማሲንቆውን ወደ ጋሽ ሱሌማን ጭብጨባ አስጠጋና ያላጠናውን ግጥም ጣለ፦

"አጥሩ ተነቀለ፣ ቤቱም ሄደ አሉኝ፣
ጎረቤቶቼማ ይኸው ተቀበሉኝ።"

እትዬ ሙሉመቤት ዕንባቸውን ሳይጠርጉ ብድግ አሉ። እሱም ማሲንቆውን አስቀምጦ፣ በጭብጨባችን ብቻ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጠማቸው። አራሚው ሲጨፍር ያየነው ያኔ ነው፤ ለካ ያምርበታል።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "ተቀባዮችህ ልምምድ ያንሳቸዋል። አንተ ግን አልፈሃል።"

ውጭ እልልታውና መተቃቀፉ ካለቀ በኋላ መለያየት ነበረብን። የሁላችንም ታክሲ በየአቅጣጫው ነው። ማንም ግን ንቅንቅ አላለም። እትዬ ሙሉመቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልምምድ ያንሳቸዋል ነው ያለው ሰውየው?"

"ይተዉት እትዬ። አለቀ እኮ፤ አለፍኩ።"

"አንተማ አለፍክ። እኛ ወድቀን እንቅር?"

"ከሱቄ ጀርባ ያለው ግቢ እሑድ እሑድ ባዶ ነው" አሉ ጋሽ ሱሌማን፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ።

በየሠርጉ ያብስራን ባየሁ ቁጥር ሰው ጀርባ እደበቅ የነበርኩት እኔም "የኔ ጭብጨባ እንኳ ሳይታረም አይቀርም" ስል ራሴን ሰማሁት።

ሊቀ ትከሻ ተራ በተራ አየን። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ማለቴ... የእርስዎስ ጋሼ፣ ብዙ እሑድ ይፈልጋል።"