ሙሽራ የመሰልኩበት ሽምግልና

የአምቦ ሰው ኩሩ ነው ይሉናል። ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው፤ ምን እናድርግ? የሌላው አገር ውሃ ድምፁን አጥፍቶ ከመሬት ይወጣል፣ የኛ ግን እየተንፈቀፈቀና እየፎከረ ነው የሚወጣው። ይህን እየጠጣ ያደገ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ መጠበቅ ግፍ ነው። እኔማ ጭራሽ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ የትውልድ ቦታዬ አምቦ ያኔ በምትጠራበት ስም «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ተጽፏል። ከተማችን ወደ ቀድሞ ስሟ ከተመለሰች ስንት ዘመኗ፤ እኔ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ወረቀት ሳላወጣ አልቀርም። ሌላው ሰው የተወለደው ከተማ ውስጥ ነው፣ እኔ የተወለድኩት የሕይወት አገር ውስጥ ነው። ብኮራ ይፈረድብኛል?

ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ጡረታ ስወጣ ደግሞ ሌላ የምኮራበት ነገር አገኘሁ፤ ሽምግልና። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ መንገዱ ሲመች እስከ ካቺሲ፣ ልጅ ለማጋባት ሽማግሌ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚነሳው የኔ ስም ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው የልጅቱ አባት ደጃፍ ይቆማሉ። አባትየው የመጡበትን ልቡ እያወቀ «በደህና ነው?» ይላቸዋል። «ታኣ»፣ ማለትም ተቀመጡ፣ እስኪላቸው ድረስ አይቀመጡም። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይላቸውም፤ «ዘመድ ላማክር፣ ተመልሳችሁ ኑ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ይህ እንግዲህ ለሌላው ሽማግሌ ነው። እኔን ሳያስቀምጥ የመለሰኝ አባት አልነበረም። አልነበረም ነው ያልኩት።

በዚህ መሀል ደም ግፊት ያዘኝ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሐዊ፣ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ ክኒኑን ሰጥታኝ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ብለው ይቀመጡ» አለችኝ። «ትንፋሽዎን ብቻ ይከታተሉ። ሐሳብ ሲመጣ አይከራከሩት፤ መንገድ ዳር እንደቆመ ሰው ሆነው ሲያልፍ ይዩት።»

እሺ አልኳት። የገዛ ተማሪዬን ምክር መስማቴ ራሱ አኮራኝ።

ከጓሮዬ አቮካዶ ሥር በርጩማ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አምቦ ላይ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ባጃጅ ነውና የኔም ሐሳቦች በባጃጅ መጡ። አንዱ አለፈ። ውስጡ ማን ተቀምጧል? እኔ፣ ስላጋባኋቸው ሰዎች እያወራሁ። ሌላው አለፈ። እኔ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ ንግግር ሳደርግ። ስለ ባለቤቴ የጉልበት ሕመም የማስብ የመሰለኝ እንኳ ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ጎረቤቶች «እንዴት ያለ አሳቢ ባል ነው» እያሉ ሲያደንቁኝ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልከፋኝም። ያን ሁሉ ባጃጅ ብቻውን የሚሞላ ሰው መሆን ቀላል ነው እንዴ?

የእህቴ ልጅ ሌሊሳ የጉደሯን ቦንቱን ለማግባት ሽማግሌ ሁነኝ ያለኝ ይኼኔ ነው። ሌሊሳ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት እኔ ቤት ያደገ ነው፤ ከቦንቱ ጋር ከኮሌጅ ጀምሮ ይዋደዳሉ። አባቷ ኦቦ ዲንቃ እህል ነጋዴ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ጎረቤቴን ኦቦ ጉርሙን አስከትዬ እሑድ ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ቆምን። «አከም ቡልታን?» ተባብለን አዳራችንን ተጠያየቅን። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ከሀገረ ሕይወት ጀመርኩ። ያስተማርኳቸውን፣ ከነሱም ለወግ ለማዕረግ የበቁትን ዘረዘርኩ። ያጋባኋቸው ቤቶች እንዴት እንደጸኑ፣ የትኛው አባት ስሜን ሲሰማ ወንበር ይዞ እንደሮጠ ተረክሁ። ኦቦ ጉርሙ ክንዴን ጎሸም ሲያደርጉኝ አድናቆት መስሎኝ ጨመርኩበት።

ኦቦ ዲንቃ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ገለቶማ፣ ዳይሬክተር» ብለው አመሰገኑኝ። «ሁሉንም ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ልጄን የሚያገባት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ተሰማ፤ የቦንቱም ሳቅ ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። «እስቲ ዘመድ ላማክር» ብለው ሸኙን። «ታኣ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

በመንገድ ኦቦ ጉርሙ «ምን አለበት፣ ወጉ ነው፣ እንመለሳለን» ሲሉኝ እኔ በንዴት ጆሮዬ እየጮኸ ነበር። ቤት ስደርስ ሌሊሳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«አጎቴ፣ ምን አሉ?»

«ይሄ ሰው ለዝምድና አይሆንም። ሴት ያለው ጉደር ብቻ ነው እንዴ? ሌላ ፈልግ!»

ልጁ መሬት መሬት እያየ «እሺ አጎቴ» አለ። ከእኔ ሌላ የሚልከው አባት ስለሌለው ነው እሺ ያለው። ይህ ግን ያን ቀን አልገባኝም።

በማግስቱ አቮካዶዬ ሥር ተቀመጥኩ። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ተግተለተሉ። የተዋረድኩት እኔ በአንዱ፣ የተሳቀብኝ እኔ በሌላው፣ ለኦቦ ዲንቃ የሚገባቸውን መልስ የምሰጠው እኔ በሚቀጥለው። አየኋቸው፣ አየኋቸውና ድንገት ሌሊሳን ፈለግሁት። የተናደድኩት በእሱ ጋብቻ ምክንያት አይደል? አንዱም ውስጥ የለም። ልጁ ቦታ አጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። አፈርኩ። የሰው ትዳር ሳቃና ኖሬ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከኦቦ ጉርሙ ጋር እዚያው ደጃፍ ተመልሰን ቆምን። ሀገረ ሕይወት እስከ ጥርሴ ደርሳ ነበር። ትንፋሼን ተከታተልኩ፤ አለፈች።

«ልጃችን ሌሊሳ ልጅዎን ቦንቱን ይወዳታል» አልኩ። «አባት የለውም፤ አባት ይሁኑት። መሎ፣ እባክዎ።» ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ከውስጥ ማንም አልሳቀም።

«አሁን ሙሽራውን አየሁት» አሉ ኦቦ ዲንቃ። «ታኣ።»

ተቀመጥን።

ሠርጉ አማረ፣ ደመቀ። ከዚያ ወዲያ ጉደር ገበያ ላይ «ያ ዳይሬክተር እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» እየተባለ እንደሚወራ ሰማሁ። ማን ነገረኝ አትበሉኝ፤ ጠይቄ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ከመጨፈኔ አንድ የታጠበ፣ የሚያብለጨልጭ ባጃጅ ከች አለ። ከኋላው በትልቁ «ትሑት» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ያው ሰውዬ ተንፈላሶ ተቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው እጁን ያውለበልባል።

ላወርደው ሞከርኩ። አልወርድም አለ፤ የአምቦ ሰው አይደል?

«እሺ፣ ቢያንስ ጠጋ በል» አልኩት። «ልጆቹ ይሳፈሩ።»