ጉማሬዋ የከሳች ጊዜ

እኔ ላውራ፣ እናንተ ጆሮ ስጡኝ። እንስሳት ሞኝነትን ከሰው በተማሩበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ደምቡሼ የምትባል ዘፋኝ ጉማሬ ነበረች። ድምፅዋ ያማረ፣ ጎኗ የሰፋ ነበር። ከውሃው ብቅ ብላ፣

«ምድር ችላው ሳለች ሙሉ ክብደቴን፣
ማን ላከሽ ልትለኪ የጎን ስፋቴን»

እያለች ስታዜም፣ የጫካው ወፍራም ሁሉ አብሯት ይወዛወዝ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ጉርድዬ የተባለች ከርከሮ ነበረች። ሚዳቋዎች በሆዷ ስለሚስቁባት፣ ጉርድዬ ውሃ የምትጠጣው ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ፣ የተረፈውን ድፍርስ ነበር። ዘፈኑን ከሰማች ወዲህ ግን በጠራራ ፀሐይ መሃላቸው ገብታ ጥሩውን ትጠጣ ጀመር።

አንድ ክረምት ደምቡሼ ጠፋች። መስከረም ሲጠባ ስትመለስ ማንም አላወቃትም። ሆዷ የለም፤ ቆዳዋ እንደ ረገበ ድንኳን ተንጠልጥሏል። ትናንት የሚያሽሟጥጧት ሚዳቋዎች ከበቧትና «አሁን ገና ቆነጀሽ» አሏት።

ወፍራሞቹ ዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። ሰብሳቢው አያ ዝሆን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህች ከሃዲ ናት። ሥጋችንን አሳልፋ ሰጠች» አለ።

«ሥጋው የራሷ አይደለም እንዴ?» አለች ኤሊ ቀስ ብላ።

«አንቺ ዝም በይ። ያንቺ ውፍረት በቅርፊትሽ ተሸፍኗል።»

ዘፈኗ ዳግመኛ እንዳይዘፈን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በማግስቱ የሚያከሳ መራራ ቅጠል በምታድለው በእመት ጦጢት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ታየ። ከፊት የቆመው አያ ዝሆን ነበር። ላየው ሁሉ «ለአክስቴ ነው» ይላል።

ጉርድዬ ግን አልተሰለፈችም። በቀጥታ ወደ ጉማሬዋ ሄደች።

«እትዬ ደምቡሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ ሲዘፍኑልን ይዋሹን ነበር?»

«አልዋሸሁም፣ ልጄ። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ አለኝ። ከብዶኝ ነው የቀነስኩት።»

«ታዲያ ይህንኑ ቢነግሩን ማን ይቀየምዎት ነበር? እኛ እኮ ቀና ያልነው በእርስዎ ነው።»

ደምቡሼ ወደ ውሃው ዘወር አለች። «ልነግራችሁ ነበር። ግን ሚዳቋዎቹ ቆንጆ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ቃል ስጠብቅ መኖሬን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ይህንን ምን ብዬ ልዝፈነው?»

ጉርድዬ ተመለሰች። ሁለት ቀን ውሃ ዳር ሳትወርድ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ምላሷ ከላንቃዋ ሲጣበቅ ተነሥታ ወረደች። ሚዳቋዎቹ ጥሩው ውሃ ዳር ቆመው ነበር።

«ጉርድዬ፣ ያቺ ዘፋኝሽ እንኳ ከሳች» አለች አንዷ። «አንቺስ መቼ ነው?»

ጉርድዬ በትከሻዋ ገፋ አድርጋት አለፈች፤ እስኪበቃት ጠጣች። ከዚያ አፏን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

«እሷ ያወለቀችው የራሷን ነው፤ እኔ ለምን እራቆታለሁ?»