ፒዲኤፉ ውስጥ የገባው ዶሮ

ወዳጆቼ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ! ዛሬ በገዛ ጣቴ፣ በገዛ ስልኬ ራሴን አዋረድኩ።

በደርግ ጊዜ ኑኑ ቁምባ ላይ መሠረተ ትምህርት ያስተማርን ሰዎች ግሩፕ አለን። የያኔ ጓዶች፣ የዛሬ ሽማግሌዎች! በሚቀጥለው ወር ነቀምቴ ላይ ልንገናኝ ስለሆነ «ፎቶና ወረቀት ያላችሁ ላኩ» ተባለ።

ሌላው አንድ በአንድ ይልካል። አንዱ ተገልብጦ፣ አንዱ ደብዝዞ።

እኔ ግን ሁሉንም አንድ ላይ! አንድ ፒዲኤፍ!

አፕ አወረድኩ። ፎቶውን፣ ሰርተፍኬቱን፣ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ስካን አደረግኩ። መነጽር? ምን ያደርግልኛል! «አዋህድ» የሚለውን ተጫንኩና ላክሁ።

ሃያ ሦስት ገጽ! ላይኩ ዘነበ። «ኦቦ፣ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን!» «አንተማ ወጣት ነህ!»

ተኮፈስኩ።

ከዚያ አንዱ ጻፈ፦ «ገጽ አሥራ ሰባትን አያችሁ?»

ከፈትኩት። በራሴ የእጅ ጽሑፍ፦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ለተቆጣጣሪው ጓድ የተዘጋጀውን አውራ ዶሮ የበላሁት እኔ ነኝ። ርቦኝ ነበር። ጓድ ጫልቱ የለችበትም።»

ያ ዋቃዮ!

ዶሮው የገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ ከአውራጃ ለሚመጣ ተቆጣጣሪ ሲቀለብ የከረመ። የኔ ስንቅ ደግሞ አልቆ፣ ሦስት ቀን በቆሎ ብቻ ቆርጥሜያለሁ። አንድ ማለዳ ጓሮዬ ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፣ እኔ አልጠራሁትም!

ላባው ግን የተገኘው ጎረቤቴ ጫልቱ ጓሮ ነው። ንፋስ!

ጫልቱ ከሁላችን የተሻለች አስተማሪ ነበረች። ስብሰባ ተጠራ። «አልበላሁም!» ብትል ማን ይስማት? እኔ ይህን ግለ ሂስ ጽፌ፣ ኪሴ ከትቼ ገብቻለሁ። ተነስቼ ላነበው ምያለሁ። ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ይባስ ብሎ ወደ ጊዳ አያና እንድትዛወር ሲወሰን እጄን አወጣሁ። (አዎ፣ ስደቡኝ።)

ስትሄድ «አንተ እንኳን ታምነኛለህ አይደል?» አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት።

ጫልቱ ግሩፑ ውስጥ አለች! ፋይሉን ላጥፋ ብል፣ ስንቱ አውርዶታል። «ጫልቱ እየጻፈች ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ «እየጻፈች ነው»። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ መጻፉን ትታ ደወለች!

«አካም ጅርታ» አለችኝ፣ ቀዝቀዝ ብላ። «አርባ ዓመት ሙሉ ውሻ ነው የበላው ስል ነበር እኮ!»

«ይቅር በይኝ ጫልቱ።»

ከዚያ ከኋላዋ የወንድ ሳቅ ሰማሁ።

«ባለቤቴ ነው። የተገናኘነው ጊዳ አያና ስለሆነ፣ ስለ ዶሮው ያመሰግንሃል። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ነቀምቴ ስንገናኝ ያቺን ወረቀት ይዘህ ትመጣለህ። ሰው ሁሉ ባለበት ተነስተህ፣ በአፍህ ታነባታለህ!»

«እሺ» አልኩ። ታምናላችሁ? ደስ አለኝ! እንደ ልጅ ልዘል ምንም አልቀረኝም!

ትምህርቱ፦ ከመላካችሁ በፊት መነጽር አድርጉ።

አሁን አንድ ነገር ምከሩኝ። ለእንዲህ ያለ ንባብ ሰው ዶሮ ይዞ ይሄዳል፣ ወይስ ነገሩን ያባብሰዋል?