የአብዱ ሰርግ ያለበት ሳጥን

«ሞተ አትበለኝ። ታሟል በለኝ።»

ይህን የሚለኝ አብዱ ነው። ጁባ ታውን በሚባለው የገበያ ሰፈር ዘይት፣ ፓስታና ብስኩት በጅምላ ያከፋፍላል። በደህና ቀን ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ዛሬ ግን ኮሎሎ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ የጫማ ካርቶን በምታህል ጥቁር ሳጥን ላይ ጆሮውን ለጥፏል። ከውስጧ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ልቡ ይመታል» አለኝ ቀና ብሎ።

«ልቡ አይደለም። ዲስኩ ራሱን ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ነው።»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ብናሳድረውስ? አንድ ደንበኛዬ እንደዚያ ሲያደርግ...»

«አብዱ፣ ሞቷል።»

«ሶል፣ ሰርጌ እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው!»

ሰው የሚሳሳለትን ነገር የት እንደሚያስቀምጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ጉያው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ዛሬ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጥና ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሲሄድ ስልኩን ይነጠቃል። እኛ ጁባ ያለን ሐበሾች ግን ከሁለቱም የተሻለ ዘዴ አለን። ሌላ ሰው ጋ እናስቀምጣለን። «እገሌ ጋ አለ» ካልን ጉዳዩ አበቃ፤ ገብተን እንተኛለን። የፓስፖርት ኮፒ እገሌ ጋ አለ። የተረፈ በርበሬ እገሊት ጋ አለ። ፊልም፣ ድራማ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የክርስትና ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ያ እገሌ እኔ ነኝ።

እኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት ኮምፒውተር አስተካክላለሁ። ሳጥኗን ያመጣናት እኔና የቤት ተጋሪዬ ቴዲ ነን፤ ቴዲ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነበር። ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር የሚሉትን ነገር ወደ ሳሎን አሳንሳችሁ አስቡት። ውስጧ ሁለት ዲስኮች ነበሩ፤ ፈተና ላይ እንደሚኮራረጁ ሁለት ተማሪዎች። አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ይገለብጣል። አንዱ ቢታመም ሁሉም ነገር ሌላው ወረቀት ላይ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐበሻው ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ድራማውን ሞልቶ ይሄዳል፣ በምትኩ የራሱን ይተዋል። መዝሙሩና መንዙማው ጎን ለጎን ያለ ጭቅጭቅ ይኖሩ ነበር። ሰፈራቸውን የሚያውከው የአከራዬ ጄኔሬተር ብቻ ነው።

አብዱ ያገባው ከዚያ ታኅሣሥ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጁባ የነበረ ሰው «ያ ታኅሣሥ» ስትሉት የትኛው ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ጦርነቱ የፈነዳበት ነው። ካሜራማኑ የራሱ ኮምፒውተር ሞልቶበት ቪዲዮውን እኛ ሳጥን ላይ ገለበጠ። ከዚያ የካሜራዋን ካርድ አጥቦ ወደሚቀጥለው ሰርግ ሄደ። ዲቪዲ ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ ተኩሱ ተከፈተ፣ ካሜራማኑም እንደ ሌላው ሰው ያገኘው አውሮፕላን ላይ ወጣ። ዲቪዲው ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ። አብዱ ግን አልተጨነቀም። ሶል ጋ አለ።

አሁን የሰዎቼን ጥበብ ተመልከቱ። በዚያ ሳምንት እኔ የድርጅታችን ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተዘግቶብኛል። የቴዲ ድርጅት ሠራተኞቹን ሊያስወጣ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ። አብዱ ሊሰናበተው ቤታችን መጣ። እሱ በዚያው ጠዋት ከሱቁ ዕቃ ግማሹን ጭኖ በኒሙሌ መንገድ ወደ ኡጋንዳ ልኳል፣ ግማሹን ሱቅ ውስጥ ትቷል። ነጋዴ በክፉ ቀን የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ቴዲ ሳጥኗን እያየ ሲያቅማማ አብዱ መከረው፦ «ግማሹን ውሰድ፣ ግማሹን ተው።»

ቴዲ አንዱን ዲስክ መዘዘና ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ሄደ። ዲስክ እንደ ፓስታ ካርቶን አይከፈልም የሚላቸው ሰው በቦታው አልነበረም። ሁለቱም ድራማው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መዝሙሩ ጁባ የቀረ ነው የመሰላቸው።

ቤቴ ስመለስ ሳጥኗ አንድ ዲስኳ ጎድሎባት ትጮሃለች። ግን ቤቴ ውስጥ የማይጮህ ምን ነበር? ስታቢላይዘሩ ይጮሃል፣ የባትሪው ሳጥን ይጮሃል፣ ጎረቤት ያለው ማቀዝቀዣ ይጮሃል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ እንደ ጫጩት ቤት ነው። ከዓመት በላይ በአንድ እግሯ ቆማ ስትጮህ፣ የኮምፒውተር ሰው ቤት ያለ ኮምፒውተር መሆኗ ነውና፣ ማንም ትኩሳቷን አልለካላትም። አንድ ቀን አከራዬ አዲስ ናፍጣ አስገባ፤ ጄኔሬተሩ ስሎ፣ ተንዘፍዝፎ፣ ጮክ ብሎ ተነሣ። ሳጥኗ ጠቅ አለች።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ። ሰው ያለ ድራማ ይኖራል። ክፉው ነገር ወይዘሮ ዘሐራ ቅዳሜ መምጣታቸው ነው።

ወይዘሮ ዘሐራ የአብዱ አማት ናቸው፣ የኮልፌ ሰው። ሰርጉ ላይ ቪዛቸው ዘግይቶ አልደረሱም። በዚያ ታኅሣሥ ልጃቸው ሐያት የጫጉላ ልብሷን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ወራት ከረመች። ከዚያ ነገሩ ረገብ ሲል እናትየው እያኮረፉ ወደ ባሏ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስልክ በተደወለ ቁጥር ወይዘሮ ዘሐራ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ያላየሁትን ሰርግ ሰርግ አልለውም። መጥቼ ልየው። ካልጣመኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ቀልዳቸውን ነው» አልኩት አብዱን።

«የመመለሻ ትኬት የቆረጡት ለሁለት ሰው ነው።»

ሳጥኗ ጠቅ አለች።

«ሐያት ምን ትላለች?»

«እናቴ እኔ ብነግራት አታምነኝም፣ ካየች ታምናለች ነው የምትለው። ምኑን እንደሚያምኑ ግን አልነገረችኝም።»

ያን ጊዜ ነው ቴዲና ካልሲው ትዝ ያለኝ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ድምፁን ለአብዱም ከፍ አድርጌ።

«ቴዲ፣ ያን ዲስክ ምን አደረግከው?»

«የቱን ዲስክ?»

«ካልሲ ውስጥ ያስገባኸውን!» ብሎ ጮኸ አብዱ።

«አ፣ እሱን! ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ፎርማት ካልተደረገ አይነበብም አለኝ።»

«አደረግከው?» አልኩ። ፎርማት ማለት አጥቦ ማስጣት መሆኑን አብዱም ያውቃል። መልሱን ስንጠብቅ ኔትወርኩ ተንጠለጠለ።

«...ላደርገው ነበር። ብዙ ሰዓት ይፈጃል ሲለኝ ሰለቸኝና ተውኩት። መሳቢያ ውስጥ አለ።»

አብዱ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ! አላህ ስንፍናህን ይጨምርልህ!»

ስለ ትጋት ብዙ ተብሏል። ስንፍና ስላተረፋቸው ነገሮች ግን የሚጽፍ የለም። ቢጀምርም አይጨርሰውማ።

ዲስኩ በማን ይምጣ? እኛ ሀገር ፖስታ ቤት ማለት ተሳፋሪ ነው። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ የሚመጣ የምናውቀው ሰው ስንፈልግ አንድ ብቻ ተገኘ። ማን እንደሆኑ ሳትገምቱ አትቀሩም።

«ለእሳቸውማ አይሰጥም!» አለ አብዱ።

«ሌላ ሰው አምጣ።»

ሌላ ሰው ማፊ፤ የለም። ቴዲ ኮልፌ ሄዶ «የኮምፒውተር ዕቃ ነው እማማ» ብሎ ሰጣቸው።

እኔም በዚህ መሐል አጋጣሚው አላመለጠኝም። ከሞት በኋላ ሁላችንም የተሻለ ነገር ይገባናልና፣ አዲስ ሳጥን ከካምፓላ አዘዝኩ፤ ባለ አራት ዲስክ፣ መብራት ሲሄድ ራሷን በሥርዓት የምታጠፋ። የመጣችው በአብዱ የጭነት መኪና፣ በብስኩት ካርቶኖች መካከል ተቀምጣ ነው። ስከፍታ ቫኒላ ቫኒላ ትሸት ነበር።

ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ወይዘሮ ዘሐራ ከፀሐዩ ጋር እየተጣሉ ወጡ። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፣ አብዱን በአንድ ጉንጩ ብቻ ሳሙ፣ ከዚያ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር እጁ ላይ አስቀመጡ።

«ይኼ ብረትህ ፍተሻው ላይ ስንቴ አስቆመኝ! ምንድን ነው ይሉኛል፣ እኔ ምን አውቄ? የአማች ዕቃ ነው አልኳቸው። እንዳይጫነው ብዬ እስከዚህ ድረስ ጭኔ ላይ ነው ያቀፍኩት።»

ሰርጉን አላሳያችሁኝም የሚሉት ሴትዮ ሰርጉን አቅፈው መጡ። አብዱ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሐያት ክርኗን ጎኑ ላይ አሳረፈችበት። ዘጋው።

ለምሳ የመጡት እኔ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥኑም ሳጥኗም ያሉት እዚያ ነዋ። ሐያት ወጥ ቤት ገባች። ወይዘሮ ዘሐራ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቤቱን በዓይናቸው ይገመግማሉ። እኔና አብዱ ጥግ ላይ አንገታችንን ደፍተን ካልሲ ያየውን ዲስክ ከአዲሷ ሳጥን ጋር ልናስተዋውቅ ገባን። ዲስኩን አጎረስኳት። አዲሷ ሳጥን በጣም ጨዋ ናት። በትሕትና ጠየቀችኝ፦ በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?

አብዱ ዕድሜውን ኬላ ለኬላ ያሳለፈ ሰው ነው። በኒሙሌ መንገድ ላይ ወታደሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ታማም፣ እሺ ጥሩ፣ ይላል፤ እንደዚያ ነው ዕቃው የሚያልፈው።

«ታማም በላት!» አለና ጣቱን ሰደደ።

እጁን በአየር ላይ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የፈጠንኩበት ቀን የለም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ።

«ምንም እማማ። እየተጫወትን ነው።»

ዲስኩን አወጣሁና በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ፣ ከዚያ መገልበጥ። አንድ ጊዜ ዝም አለ። አብዱ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ድራማው መጣ፣ መዝሙሩ መጣ፣ መንዙማው መጣ፣ «አብዱ እና ሐያት» የሚል መጣ።

«ሐያት፣ ነይ እይ!»

«እኔ ነበርኩበት» አለች ከወጥ ቤት። «እማዬ ትየው።»

ወይዘሮ ዘሐራ መነጽራቸውን አደረጉ። በሰርጉ መጀመሪያ ላይ ለአብዱ ጥሩ ነገር አልነበረም።

«ይኼ ሱፍ የማን ነው?»

«የእኔ ነው እማማ።»

«ትከሻው የሌላ ሰው ነው። ሩዙስ? ለሰርግ ነጭ ሩዝ? ሥጋው የት አለ?»

«ከሥር ነው እማማ።»

«ሥጋ ይደበቃል እንዴ?»

አብዱ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ትንሽ ቢገፋ ወለሉ ላይ ነው። ወይዘሮ ዘሐራ ልጃቸው በታየች ቁጥር ወደ ቴሌቪዥኑ ያዘነብላሉ፣ ሌላ ሰው ሲታይ ይመለሳሉ። ልጃቸው እንደ ሙሽራ ሁሉ አቀርቅራለች። ፊቷ አይታይም።

ድንገት ቴሌቪዥኑ ጨለመ።

«ይኸው! ተበላሸ!» አሉ።

«አልተበላሸም እማማ» አልኳቸው። «ሰርጉ ላይ መብራት ሄዶ ነው። ካሜራማኑ ካሜራውን አላጠፋውም።»

ጥቁር ስክሪን። ሰው ይንጫጫል፣ አንዱ ጄኔሬተር ጄኔሬተር ይላል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ ከካሜራው ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ የአብዱ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ።

«ጫማሽን አውልቂው። አሁን ማንም አያይሽም።»

ከዚያ የሐያት ሳቅ። የሙሽራ ሳቅ አይደለም፤ አፍ ተይዞ በአፍንጫ የሚያመልጥ፣ ትምህርት ቤት የሚያስቀጣ ዓይነት ሳቅ። መብራቱ ሲመለስ ሁለቱም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንድ ጥንድ ነጭ ጫማ ሱፍ የለበሰው ሙሽራ ጭን ላይ ነው።

አብዱ ራሱ ረስቶት ነበር መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ያያል።

«መልሰው» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ።

መለስኩት። ጨለማውን አይተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንደገና።»

እንደገና ሰማን። ወጥ ቤት ውስጥ የሳህን ድምፅ ቆሟል።

«ጫማውን ማን ነው የገዛላት?»

«እኔ ነኝ» አለ አብዱ።

«ቁጥሯን አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም ነበር እማማ።»

«አሁንስ?»

«ሠላሳ ሰባት።»

ወይዘሮ ዘሐራ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሻንጣቸውን ከሶፋው ሥር ጎትተው አወጡና በእጃቸው ያዙት።

«ሐያት፣ ነይ» አሉ።

ሐያት እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣች። አብዱን አየችው፣ እናቷን አየች። እናትየው ወደ መኝታ ቤቱ አስቀደሟት፣ ከኋላዋ ሻንጣውን ይዘው ገቡ፣ በሩን ዘጉት። ከውስጥ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት፣ ከዚያ ያ በአፍንጫ የሚያመልጥ ሳቅ ተሰማን።