የኦቦ ፊጤ የበኩር ልጅ

መንግሥት ሲቸኩል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን እስኪሻገር ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ለማባረር ነበር። የድልድይ ነገር ሲነሣ «ይጠናል» የሚለው ቢሮ፣ ለዚህስ አንድ ሌሊት አላደረም።

ከበላይ ወደ ነቀምት የወረደው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ከሱዳን ጠረፍ ያለ ፈቃድ የተሻገረ ሁሉ፣ እዚህ ዘመድ ከሌለው፣ በመጀመሪያው የጭነት መኪና ይመለስ። ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል? እንዴታ! መልሱን መኪናው ላይ ሆኖ ይሰማል።

ዴንግ የሚባል ሱዳናዊ ከጦርነት ሸሽቶ መጥቶ በወዳጄ በኦቦ ፊጤ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ቢመለስ እንደሚረሸን እሱም፣ እኛም፣ የፖሊሱ አዛዥ ሻምበልም እናውቃለን። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትእዛዝ አክባሪ ነበሩ። ልዩነቱን ዴንግን ጠይቁት።

ልጅ ያልወለዱት ኦቦ ፊጤ ታዲያ ሽማግሌ ሰብስበው፣ የዴንግን ራስ ቅቤ አስቀብተው፣ በጉዲፈቻ ልጃቸው አደረጉት። ጉዲፈቻ ለሕፃን ነው የምትል አንባቢ ሆይ፣ እኔም ይህንኑ ብዬ «አንተን ያሳደገህ መጽሐፍ ነው፣ ዝም በል» በሽማግሌዎቹ ተብያለሁ።

ለምርመራ ቀረብን፤ አስተርጓሚው እኔ። ሻምበሉ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጠው ይህ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። የኦቦ ፊጤ ነው ተባለ። የወለዱት ነው ወይ ሲሉ ግን ሽማግሌዎቹ ክፉኛ ተቀየሙ። በወለጋ የጉዲፈቻን ልጅ «አልተወለደም» ማለት ከባድ ነውር ነውና፣ አንድ በአንድ እየተነሡ ወልደውታል ብለው ማሉ። እኔም አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምሁ።

ሻምበሉ አባትና ልጁን አስተያዩ። ልጁ ከአባቱ ይልቅ ሸብቷል፤ ቁመቱም ከበሩ ጉበን ጋር ይጣላል። ኦሮምኛውስ ለምን ከ«አካም» ሰላምታ አያልፍም ብለው ጠየቁ።

«ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ» አሉ ኦቦ ፊጤ በትሕትና፣ «ገና ልጅ አይደል? ሲያድግ ይለምደዋል።»

ሻምበሉ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑና «ዘመድ አለው» ብለው ወሰኑ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ወር ሳይሞላ ሌላ ትእዛዝ ወረደ፦ ሻምበሉ በአስቸኳይ ወደ ኦጋዴን ይዛወሩ! እንዴት? በመጀመሪያው መኪና። በማግስቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። ሳል ሳል እያሉ፣ ኦቦ ፊጤ ሁለተኛ ልጅ ይሹ እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ።

ጠየቅሁ። ኦቦ ፊጤ ሻምበሉን ከእግር እስከ ራስ አዩና፣ እሳቸው እንኳ ደስ እንደሚላቸው፣ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጉዳይ በኩሩ ሳይፈቅድ እንደማይሆን ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ዴንግን ተጣሩ።